የሦስተኛው ቀን ጉንጭ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሟል። ከኋላ ወንበር ጥግ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ወጣት ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል እናትየው ቀድመው ከፈሉ። ልጅቷ መናገር አልቻለችም፤ በቀኝ መንጋጋዋ የታጠፈ ጎዝ ነክሳለች፣ ከንፈሯም ገና ደንዝዟል። «ጥርሷን በቀዶ ሕክምና አስወጥታ ነው» አሉ እናትየው ማንም ሳይጠይቃቸው። ታክሲው በሙሉ ወዲያው ሐኪም ሆነ። አንዱ አረቄ ትጉመጥመጥ አለ፤ ሌላዋ ጤና አዳም ይሻላል አለች፤ ከፊት የተቀመጡት አዛውንት ግን ወደ ኋላ ዞረው «መስኮቱን ዝጉላት እንጂ! ብርድ ከገባበት በኋላ ማን ያወጣዋል?» ብለው ነገሩን ቆረጡት። መስኮቱ ተዘጋ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ከበድ ላለ የጥርስ ሥራ ብዙ ነዋሪ ዛሬም መሐል አዲስ አበባ ይወርዳል፤ የሰበታው በአየር ጤና፣ የቡራዩው በአስኮ፣ የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ግን ከሐኪሙ ርቀው፣ በቤተሰብና በጎረቤት ምክር መሐል ያልፋሉ። ጉንጭ የሚያብጠውም፣ መንጋጋ አልከፈት የሚለውም በእነዚያ ቀናት ነው።

ጥርሱ ብዙዎች የጥበብ ጥርስ የሚሉት የመጨረሻው መንጋጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ ይላል፤ ከሁሉም በኋላ ስለሚመጣ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ በአጥንት ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል፣ አንዳንዱ ግማሹን ድድ ሸፍኖት እየተመላለሰ ያመረቅዛል። ሁሉም መውጣት አለበት ማለት አይደለም። የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው መመሪያ በሽታ የሌለበት የጥበብ ጥርስ ለጥንቃቄ ተብሎ አይነቀል ይላል። ጉዳት እያደረሰ ያለው ግን መውጣቱ አይቀርም።

የነቀላው ሕመም መላ ካገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1844 አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ «የሳቅ ጋዝ» የሚባለውን ስቦ የራሱን መንጋጋ ጥርስ በባልደረባው አስነቀለና ሳያመው ቀረ። ዛሬ በአንድ መርፌ መንጋጋው ይደነዝዛል። መርፌው ግን ለሰዓታት ነው፤ የታችኛውን መንጋጋ የሚያደነዝዘው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ሠርቶ ይለቃል። ሰበታ ለሚገባ ሰው ይህ ማለት ሕመሙ ምናልባት መንገድ ላይ፣ ምናልባት ቤቱ እንደደረሰ ይጀምረዋል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስታገሻ የሚዋጠው ድንዛዜው ሳይለቅ ነው፤ መድኃኒቱም የሚገዛው ታክሲ ከመያዙ በፊት።

እብጠቱን ለመረዳት ውስጥ የተሠራውን ማሰብ ይበቃል። ሐኪሙ ድዱን ከፍቷል፣ ጥርሱን የሸፈነውን አጥንት ሰርስሮ ቀንሷል፣ ብዙ ጊዜም ጥርሱን ከሁለትና ከሦስት ቆርጦ አውጥቷል፣ ከዚያ ሰፍቷል። ሰውነት ይህን ጉዳት ብሎ ነው የሚቀበለው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽና ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። ጎርፉ በአንድ ሌሊት አያበቃም፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ድረስ እየጨመረ ሄዶ ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ማታ ፊቱን በመስታወት አይቶ «ምንም አልሆንኩም» ያለ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሌላ ሰው መስታወቱ ውስጥ ቆሞ ያገኛል። ሐኪሙን የሚረግመውም፣ አንቲባዮቲክ ፍለጋ የሚወጣውም በዚያ ጠዋት ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ ይህ ቀን እንደሚመጣ በደንብ የተነገረው ሕመምተኛ ጥቂት መሆኑ ነው። ቢነገረውም ከንፈሩ ደንዝዞ፣ አፉ ጎዝ ነክሶ የሰማው ምክር ምን ያህል ይያዛል?

ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይህ ጠዋት ሲመጣ ማየት ይቻላል። ግራ ጉንጩ ያበጠ ወጣት መስኮቱ ላይ ተደግፎ «እህቴ፣ አሞክሳሲሊን ባለ 500 ስጪኝ፤ መግል ሳይቋጥር አይቀርም» ይላል፣ ጥርሱን ገጥሞ።

«መቼ ነው ያስነቀልከው?»

«ትናንት ወዲያ።»

«ትኩሳት አለህ? አፍህ መጥፎ ሽታ፣ መጥፎ ጣዕም?»

«የለም።»

«ታዲያ ገና ነዋ! ሐኪሙ ያዘዘልህን አሳየኝ እስቲ።»

ወረቀቱ ላይ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ታዟል። ልጁ የዋጣቸው ሲያመው ብቻ ነው፤ በመሐሉ ጎረቤት የሰጠውን ዳይክሎፌናክ ጨምሯል።

ባለሙያዋ ልክ ናት። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ፈሳሽ አይመጥም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚታየው እብጠት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ሥራ አይደለም። ሐኪሙ ራሱ ካዘዘ እንደታዘዘው ይወሰዳል። ያልታዘዘውን ከመስኮት መግዛት ግን በሕግ የተከለከለ ብቻ ሳይሆን ነገ በእርግጥ ሲያስፈልግ የማይሠራ መድኃኒት ማዘጋጀት ነው። የልጁ ዋና ጥፋት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አይቡፕሮፌን ሕመም ብቻ አያስታግስም፤ ለእብጠቱ መነሻ የሆነውን የሰውነት ምላሽም ይቀንሳል። ለዚህ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሰዓቱን ጠብቆ መወሰድ አለበት። 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ጋር ሲጣመር ለጥርስ ቀዶ ሕክምና ሕመም እንደ ትራማዶል ካሉት ጠንካራ መድኃኒቶች አያንስም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቡፕሮፌን በቀን ከ1,200 ሚሊግራም፣ ፓራሲታሞል ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱን መደራረብ ጥቅሙን ሳይጨምር ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ጨጓራ የማያመው ሰው በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከዚህ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ እብጠትንና የመንጋጋን መያዝ የሚቀንሰው፣ በብዙ ጥናት የተመሰከረለት መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቀዶ ሕክምናው ሰዓት አካባቢ ነው፣ በአንድ መጠን፣ በ4 እና በ8 ሚሊግራም መካከል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ስኳርዎን ከፍ ስለሚያደርግ አስቀድመው ይናገሩ። ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ለራስዎ የሚያዙት ነገር አይደለም። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት «ዶክተር፣ ለእብጠቱ ዴክሳ ይስማማኛል?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም።

ወደ ሱሉልታዋ ልጅ እንመለስ። ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ሜዳ ሲመሽ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናትየው ከሰል አያይዘው፣ ፎጣ አሙቀው ጉንጯ ላይ ሊያደርጉላት ይዘጋጃሉ። ልጅቷ ስልኳ ላይ «በረዶ» የሚል ጽፋ ታሳያቸዋለች። «በረዶ? ልጄ፣ አብደሻል? በቁስል ላይ ብርድ!»

የእናትየውን ፍርሃት ማቃለል አልወድም። ብርድ መታኝ የሚለው በእኛ ዘንድ ከጉንፋን እስከ ቁርጥማት የማይገባበት የለም፤ ሲታመም የተሸፋፈነ ሰው ደግሞ ቢያንስ የሚንከባከበው አለው። እዚህ ላይ ግን ሐኪሞቹ ሰዓት ለይተው ነው የሚያዙት። በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ቅዝቃዜ፣ ከዚያ በኋላ ሙቀት። ቅዝቃዜ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ወደ ጉንጩ የሚፈሰውን ይቀንሳል፣ ሕመሙንም ያደነዝዛል። በእነዚያ ሰዓታት የሚደረግ የጋለ ፎጣ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የረጋውንም ደም ሊያስለቅቅ ይችላል። ጥናቶቹ የቅዝቃዜውን ጥቅም በአንድ ድምፅ አይናገሩም፤ ሕመምን በመቀነስ ረገድ ያለው ማስረጃ እብጠትን በመቀነስ ረገድ ካለው ይሻላል። ርካሽ ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ ጉዳት የለውም፣ ስለዚህ ይደረግ ባይ ነኝ።

ማቀዝቀዣ የሌለበት፣ ወይም ኖሮ መብራት የጠፋበት ቤት ምን ያድርግ? ውኃ የተሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሱቅ ወይም ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ሊያድር ይችላል። እሱም ካልተገኘ ሱሉልታ ላይ ደጅ ባደረ ጀሪካን ውኃ የተነከረ ጨርቅ እየተቀያየረ ይሠራል። በረዶ ቆዳን ስለሚያቃጥል በፎጣ ተጠቅልሎ ነው የሚያዘው፤ 15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝና ለዚያው ያህል ያርፋል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ነቅተው እስካሉ ድረስ ይቀጥላል። ሌሊት በረዶ ይዞ መተኛት የለም፤ ይልቅ ሁለት ትራስ ተደርቦ ጭንቅላት ከፍ ይበል። ዝቅ ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ይበልጥ አብጦ ይነሳል። በሦስተኛው ቀን እናትየው ፎጣቸውን ማሞቅ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ትክክለኛዋ ሐኪም እሳቸው ናቸው።

የታክሲው አረቄ ግን መቼም ቦታ የለውም። ጥርሱ ከወጣበት ጉድጓድ ላይ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። አልኮል፣ ጠንክሮ መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮው መምጠጥ፣ ሲጋራ ክዳኑን ያነሱታል። ክዳኑ የተነሳበት ሰው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ወደ ጆሮ የሚወጣ ከባድ ሕመም ይጀምረዋል፤ ደረቅ ጉድጓድ የሚባለው ይህ ነው። ሐኪም አጥቦ መድኃኒት ያስቀምጥበታል እንጂ በትዕግሥት የሚያልፍ ሕመም አይደለም። ለመጀመሪያው ቀን አፍን አለመጉመጥመጥ ይሻላል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግን በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ በተለይ ከምግብ በኋላ፣ አፍ ውስጥ ቀስ ብሎ እያዘዋወሩ ማፍሰስ ነው። ደም ካላቆመ ንጹሕ ጎዝ አጥፎ ሳይፈቱ ለ30 ደቂቃ መንከስ፤ በየደቂቃው እያወጡ ማየት ራሱ ደሙን ያስቀጥለዋል። ምራቅ ላይ የተቀላቀለ ጥቂት ደም ብዙ ይመስላልና የመጀመሪያው ቀን ትራስ ቢቀላ አይደንግጡ። ጫትም ቢያንስ ለሳምንት ይቅር፤ ቅጠሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ማኘኩም የቆሰለውን ጡንቻ ያደክማል።

የምግቡ ነገር ብዙ አያስጨንቅም። ሱሉልታ የወተት አገር ነው፤ እርጎውም አይቡም ቅርብ ነው። አጥሚት፣ የቡላ ገንፎ፣ አልጫ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሁሉም ለብ ብለው ይበላሉ። በርበሬና ሚጥማጣ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ተልባ ይቆዩ፤ ፍሬያቸው ቁስል ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ቡና ለመጀመሪያው ቀን ይቅር፣ ከዚያም ይቀዝቅዝ፤ የደነዘዘ ከንፈር መቃጠሉን አያውቅም። በጾም ወቅት ከሆነ በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን መዋጥ ለጨጓራ መጥፎ ስለሆነ ነገሩን ለንስሐ አባት ማማከር ነው፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ከጾሙ ውጭ ማድረግ ከሁሉም ይቀላል።

መንጋጋው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አለም ገናን አልፎ ሰበታ፣ አንድ ቤት ውስጥ የእሑድ ምሳ ቀርቧል። ከቀዶ ሕክምናው አምስተኛ ቀኑ ላይ ያለ ጎልማሳ አክስቱ ያዘጋጁትን ጉርሻ አይቶ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል።

«በሞቴ! አንዴ ብቻ!»

«አክስቴ፣ አፌ አይከፈትም።»

«ትንሽዬ ናት፣ አፈር ስሆን!»

ጉርሻው ተመለሰ። አፉ የሚከፈተው በአንዲት ጣት ልክ ብቻ ነው። እብጠቱ መቀነስ ጀምሯል፤ መንጋጋው ግን ከትናንቱ አልተሻለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። የታችኛውን መንጋጋ የሚያደነዝዘው መርፌ ወደ ነርቩ የሚደርሰው አፍን በሚዘጉ ጡንቻዎች አጠገብ አልፎ ነው፤ መርፌውም፣ ከቀዶ ሕክምናው የተነሳው ምላሽም ጡንቻዎቹን ያኮማትራቸዋል። ይህ የሁሉም ሰው ነው። ሁለተኛው ምክንያት የእርሱ ነው፦ ስፌቱ ይበጠሳል ብሎ አምስት ቀን አፉን አልከፈተም። የታመመ ጡንቻ ሲቀመጥ ይበልጥ ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር መክፈት ያማል፤ ሲያም ደግሞ ሰውየው አይከፍተውም።

ጤናማ ሰው በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል ሦስት ጣቶቹን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን፣ አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ ማስገባት ይችላል። በማስመሪያ ሲለካ ከ35 ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት መንጋጋ ተያዘ ለማለት ይበቃል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በራስ ጣት ስንት እንደሚገባ መለካት ጠቃሚ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያውም ሁለት ተኩል ነውና።

ልምምዱ የሚጀመረው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ነው፣ ሙቀቱ ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ማስታገሻው ከተዋጠ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ ጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ አፍ ቀስ ተብሎ መወጠር እስኪሰማ ይከፈት፣ ለ5 ወይም ለ10 ሰከንድ ይያዝ፣ ይለቀቅ። አሥር ጊዜ ያህል፣ በቀን አምስት ስድስት ዙር። ከዚያም መንጋጋን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንሸራተት። ቀናት እያለፉ ሲሄዱ አውራ ጣትን በላይኛው ጥርስ፣ ሌባ ጣትን በታችኛው ላይ አድርጎ በእርጋታ መግፋት ይቻላል። ሐኪሞች ምላስ የሚጫኑበትን ጠፍጣፋ እንጨት ደራርቦ ጥርስ መሐል ማድረግም አለ፤ በየቀኑ አንድ እንጨት ከተጨመረ መሻሻሉ በዓይን ይታያል። ከሳምንት በኋላ ስኳር የሌለው ማስቲካ ይረዳል። መወጠር ይፈቀዳል፤ ስል ሕመም ከመጣ ይቆማል። ቶሎ ልጨርስ ብሎ በኃይል የገፋ ሰው ጡንቻውን ዳግመኛ ያቆስለዋል። አብዛኛው ሰው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አፉ ይመለስለታል። ከሳምንት በኋላ ይበልጥ እየጠበበ የሚሄድ አፍ ግን ልምምድ አይፈታውም፤ ጥልቀት ያለው ኢንፌክሽን ወይም የቋጠረ ደም ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ይየው።

እብጠትም እንዲሁ ነው። ትልቅነቱ ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን መቀነስ አለበት። ወደ አንገት ወርዶ ሰማያዊና ቢጫ ቢሆን ደሙ ቦታ መልቀቁ ነው፣ ይጠፋል። መቀነስ ጀምሮ ዳግመኛ ከጨመረ፣ ትኩሳት ካለ፣ መግል ከወጣ ግን ታሪኩ ተቀይሯልና ያን ጊዜ አንቲባዮቲኩንም የሚያዘው፣ መግሉንም የሚያወጣው ሐኪም ነው። ከሁሉም የከፋውን ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪሽ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 ጽፎታል፤ ከአገጭ ሥር በሁለቱም ወገን ደንድኖ የሚያብጥ፣ ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ የአየር መተላለፊያውን የሚዘጋ ኢንፌክሽን። ምራቅ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የታፈነ፣ ተኝቶ መተንፈስ የከበደው ሰው ጠዋትን አይጠብቅም። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ፣ ካልተገኘም በተገኘው መኪና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሂድ፤ ከቡራዩ በአስኮ ለሚገባ ጳውሎስ ሆስፒታል መንገድ ላይ ነው። ከንፈር ወይም ምላስ በማግስቱም ደንዝዞ ከቀረ ደግሞ የሌሊት ጉዳይ ባይሆንም ለሐኪሙ ሳይነገር አይቀመጥም።

ለዚህ ሁሉ ርቀቱን የሚያቃልል አንድ ነገር በእጃችን አለ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሐኪሙን ወይም የክሊኒኩን ቁጥር መያዝ፣ ከዚያም በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ብርሃን፣ ፊት ለፊትና ከጎን ፎቶ ማንሳት፤ አንዱ ፎቶ አፍ እስከቻለ ድረስ ተከፍቶ፣ ጣት ገብቶበት ይሁን። በሦስተኛው ቀን ስጋት ሲመጣ አንድ ፎቶ ብቻ የተላከለት ሐኪም «ነገ ና ልይህ» ከማለት ሌላ የሚለው ብዙ የለውም፤ የሦስት ወይም የአራት ቀን ፎቶ በተርታ በቴሌግራም የደረሰው ግን እብጠቱ እየወጣ ይሁን እየወረደ ያያል፤ ታክሲ መያዝ ያለበትንና ቤቱ ሆኖ ፎጣ ማሞቅ ያለበትን ሰው ለመለየት ይቀለዋል።